የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎችን ከላይብረሪ ሆኜ በምን ልርዳ? (ደሴ)

ሰኞ ገበያ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ አንድ ላይብረሪ ውስጥ ስሠራ 9 ዓመቴ ነው። መጽሐፍ ማዋስ፣ መመለስ፣ ካታሎግ ማድረግ፣ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ወንበር ማብቃቃት ነበር ሥራዬ። ዘንድሮ የፊዚክስ መምህራን አነስ ያለ ቴሌስኮፕ አግኝተው ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ኮከቦችን መከታተል ጀምረዋል።

ባለፈው ወር አንዷ ተማሪ እያለቀሰች መጣችብኝ። የ4 ወር ሥራዋ ያለበት ፍላሽ በቫይረስ ተበላሽቷል። ላፕቶፗ ላይ የተረፉት ፋይሎች ስማቸው «ኮከብ 1»፣ «ኮከብ አዲስ»፣ «የመጨረሻ» ነው። የትኛው በየትኛው ሌሊት እንደተነሳ እሷም መለየት አልቻለችም። ላይብረሪው የሚያስቀምጥላት ቦታ እንዳለው ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። አለቃዬን ሳማክር «ጽሑፉም ዳታውም ኢንተርኔት ላይ ነው፣ እኛ ምን አገባን?» አለኝ። እኔ ግን ያገባናል ብዬ አምናለሁ። የተማርኩት ላይብረሪ ሳይንስ ነው፣ ስለ ኮከብ የማውቀው ነገር የለም። ከየት ልጀምር?

ኮምቦልቻ ላይብረሪያን

አብሽሪ እህቴ። ኮከቡን ማወቅ አይጠበቅብሽም፤ ኮከቡን የሚያውቁት የጻፉት የት እንዳለ ማወቅ ይበቃሻል።

መጀመሪያ ኤዲኤስን (ADS) ልመጂ። ናሳ ወጪውን የሚሸፍነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረ የሥነ ፈለክ ጽሑፎች ማውጫ ነው፤ በነጻ ነው። የድሮ ጆርናሎችን ገጽ በገጽ ስካን አድርጎ አስቀምጧል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ሳይቀር ታገኚበታለሽ። እያንዳንዱ ጽሑፍ 19 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው። የመጀመሪያዎቹ 4 የታተመበት ዓመት ናቸው፣ ቀጥሎ ጆርናሉ፣ ቅጹ፣ ገጹ፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ደራሲ ስም ፊደል። ካታሎግ ስትሠሪ ለኖርሽው ለአንቺ ይህን ማንበብ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ተማሪዎቹ ግን ብዙዎቹ መኖሩንም አያውቁም፤ ጎግል ላይ ይፈልጉና «ክፈሉ» የሚል ገጽ ሲመጣባቸው ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል።

ሁለተኛው አርካይቭ (arXiv) ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን ጆርናል ላይ ከመውጣቱ በፊት ወይም እንደወጣ በነጻ የሚያኖሩበት ነው። በሥነ ፈለክ የሚታተመው አብዛኛው እዚያ አለ። ለማንበብ ገንዘብ የሚጠየቅ ተማሪ ካጋጠመሽ የጽሑፉን ርዕስ ተቀብለሽ አርካይቭ ላይ ፈልጊለት፤ አሥሬ ብትሞክሪ ብዙውን ጊዜ ታገኚዋለሽ።

የአሜሪካ ሥነ ፈለክ ማኅበር ጆርናሎች እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ፣ የእንግሊዙ የንጉሣዊ ሥነ ፈለክ ማኅበር ወርኃዊ ጆርናል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለአንባቢ ነጻ ሆነዋል። ክፍያው ወደ ደራሲው ዞሯል። ስለዚህ ተማሪ ጽሑፍ ከመላኩ በፊት እንደኛ ላሉ አገሮች የክፍያ ምሕረት መኖሩን አጣሪለት። በኢሜይል «በሳምንት እናትምልህ» እያሉ ብር የሚጠይቁትንም አስጠንቅቂ። አንድ ወጣት መምህር ደመወዙን ለእንደዚህ ዓይነቱ ከፍሎ ሲቆጭ በዓይኔ አይቻለሁ።

የጦሳ ልጅ

እኔ የመመረቂያ ሥራዬን ጨርሼ የወጣሁ ነኝ፣ ግን የተጎዳሁበትን ልንገርሽ፤ ልጆቹ እንዳይደግሙት።

አልጎል የሚባለውን ኮከብ ነበር የምከታተለው። ሁለት ኮከቦች እርስ በርስ እየተጋረዱ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ብርሃኑ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሰዓቱ ራሱ ውጤቱ ነው። እኔ ደብተሬ ላይ «4:30» ብዬ ጽፌያለሁ። በኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አልጻፍኩም። ይባስ ብሎ ጓደኛዬ የሚጠቀምበት ላፕቶፕ ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር የተስተካከለ ነበር፤ ካሜራው ደግሞ የላፕቶፑን ሰዓት እንዳለ ወስዶ ፋይሉ ራስጌ ላይ ይጽፋል። የሥነ ፈለክ ምስሎች የሚቀመጡበት ፊትስ የሚባለው ፎርማት ራስጌው ላይ ያለውን ሰዓት ሁሉም ሰው የዓለም ሰዓት (የግሪንዊች ሰዓት) ነው ብሎ ነው የሚያነበው። የሁለታችን መረጃ ሲገናኝ ኮከቡ በአንድ ሌሊት ሁለት ቦታ የደበዘዘ መሰለ። ለአንድ ወር ኮከቡ ላይ አዲስ ነገር ያገኘን መስሎን ነበር።

ላይብረሪያን በመካከላችን ቢኖር ይህ አይደርስም ነበር። ከኮከብ እውቀት ይልቅ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ቅጽ ይዞ «ይህ ሰዓት በየትኛው ነው?» ብሎ መጠየቁ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በኛ የቀን ሰዓት ላይ 3፣ በማታና በሌሊቱ ላይ ደግሞ 15 ስትጨምሪ የዓለም ሰዓት ይሆናል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት በዓለም ሰዓት 18 ነው።

የሐይቅ ሰው

ልጆቼ፣ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የነበርኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊት ላይ ቀኑም ያሳስታል። «ኅዳር 20፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል» ብላችሁ ብትጽፉ አንዱ የ20ን ሌሊት ሲል ሌላው ወደ 20 የሚያነጋውን ይላል። አባቶቻችን ለዚህ ቃል አላቸው፦ «ኅዳር 20 ለ21 አጥቢያ»። እንዲህ ከተጻፈ ማንም አይሳሳትም።

ደግሞ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ በፈረንጅ መስከረም 12 ይገባል። ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ድረስ ያለው የቀን ማዛመጃ ያን ዓመት በአንድ ቀን ይለያል። 2016 እንዲህ ነበር። በለመደው እጅ የሚያዛምድ ሰው ሙሉ ወቅቱን በአንድ ቀን ያዛንፋል።

የጦሳ ልጅ

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ። የእርስዎን ምሳሌ ልጨርሰው፦ ኅዳር 20 ለ21 አጥቢያ 2017፣ ከሌሊቱ 8:30፣ በዓለም ሰዓት ኅዳር 20 (ኖቬምበር 29 ቀን 2024) 23:30 ነው። ተመራማሪዎች ከዚህ ሁሉ ለመዳን የጁልያን ቀን የሚባል ተከታታይ ቁጥር ይጠቀማሉ፤ ይህ ቅጽበት 2460644.479 ይሆናል። የጁልያን ቀን የሚለወጠው በዓለም ሰዓት እኩለ ቀን ላይ፣ ማለትም በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ስለሆነ የደሴ ሌሊት ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ቁጥር ሥር ያድራል። ቅጹ ላይ ሦስቱም ይጻፉ፦ በኛ፣ በዓለም ሰዓት፣ በጁልያን ቀን። አንዱ ቢሳሳት ሁለቱ ያጋልጡታል።

መምህር ፊዚክስ

በአክብሮት አንድ ነገር ልቃወም። ዳታን መያዝ የተመራማሪው ኃላፊነት ነው። ላይብረሪያኗ ቀድሞውንም ሥራ የበዛባት ትመስላለች፤ ይህንን ስትደርብ መምህሩ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ እሰጋለሁ።

ኮምቦልቻ ላይብረሪያን

መምህር፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ መለካቱና ማረጋገጡ የእናንተ ነው። ግን ተማሪው ተመርቆ ይሄዳል፣ አማካሪው ይዛወራል፣ ላይብረሪው ግን እዚያው ነው። ሌላ ቦታም የሆነው ይኸው ነው። ሃርቫርድ ከመቶ ዓመት በላይ የሰማይ ፎቶዎችን በመስታወት ላይ አንስቶ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ አስቀምጧል። እዚያ ትሠራ የነበረችው ሄንሪየታ ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1912 የኮከብ ብርሃን ከፍ ዝቅ የሚልበትን ጊዜና ድምቀቱን ያገናኘችው ከዚያ ክምችት 25 ኮከቦችን ለክታ ነው። ኋላም የዚያው ተቋም ላይብረሪያኖች እንደ ሌቪት ያሉ እዚያ የሠሩ ሴቶችን የእጅ ደብተሮች በፈቃደኞች እያስገለበጡ ከመስታወቶቹ ጋር ለማገናኘት ሠርተዋል። የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ላይብረሪያኖች ደግሞ በቴሌስኮፖቻቸው ዳታ የተሠራ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር አንብበው ከዳታው ጋር የሚያያይዝ መዝገብ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያሉትን ይዟል። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች፣ ላሊበላ አካባቢም ይሠራል ተብሎ የሚጠበቀው፣ እንዲህ የሚመዘግብላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያ ሰው ከሰማይ አይወርድም፤ ከእኛ መካከል ነው የሚወጣው።

መምህር ፊዚክስ

ተቀብያለሁ። እንግዲያው ቅጹን ሳይሞሉ ቴሌስኮፑን ዳግም እንዳይወስዱ መምህራኑ ያስገድዷቸው። ያለዚያ የላይብረሪያኗ ልፋት ከንቱ ነው።

ሰኞ ገበያ (ጠያቂ)

እንባዬን ነው ያመጣችሁት፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀረኝ ጥያቄ የማስቀመጫው ነው። የኛ ሰርቨር መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል፣ ኔትዎርኩም እንደምታውቁት ነው። የት ላኑረው?

የጦሳ ልጅ

ሦስት ቦታ። አንዱ ላይብረሪው ውስጥ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ለማዋስ የማይወጣ። ሁለተኛው ኮምቦልቻ፣ እዚያ ባለ ባልደረባ ዘንድ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በየወሩ ሚኒባስ ይዞት ይወርዳል። ሦስተኛው ከአገር ውጭ። ዜኖዶ (Zenodo) የሚባለው፣ የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት (ሰርን) የሚያስተዳድረው ማከማቻ በነጻ እስከ 50 ጊጋባይት በአንድ መዝገብ ይቀበላል፤ ሰው ሲጠቅሰው የሚያገለግል ቋሚ ቁጥርም ይሰጣል። ኔትዎርክ ሌሊት ይሻላል፤ ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ ጫኚው።

ሦስት የምለው ለማብዛት አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ኮምፒውተር፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እንደጠፋ አይተናል። ያኔ አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ የነበረው ሰው ሥራው ተርፏል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋት ፀሐይ ስትጋረድ፣ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሠርታ ደሴ ላይ በከፊል ስትሸፈን፣ ብዙዎቻችን ፎቶ አንስተናል። የኔ ከላፕቶፔ ጋር ሄዷል። እስኪ የተረፈለት ካለ ለእህታችን ይላክላት፤ የመጀመሪያው መዝገብ እሱ ይሁን።

ሰኞ ገበያ (ጠያቂ)

የወንድሜ ስልክ ላይ 11 ፎቶ አለ! ዛሬ ማታ እቀበለዋለሁ። ቅጹን ሠርቼ ሰኞ ለመምህራኑ አሳያለሁ፦ የኮከቡ ስም፣ የታዛቢው ስም፣ ቀኑ ከነአጥቢያው፣ ሰዓቱ በሦስቱም፣ መሣሪያው፣ የፋይሉ ስም። የቀረ ነገር አለ?

የሐይቅ ሰው

ጉም። ደሴ ነውና ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ነበር አልነበረም የሚል አንድ መስመር ጨምሪበት፣ ልጄ። ሰማዩ ተሸፍኖ ምንም ያልታየበት ሌሊትም ይጻፍ፤ ኋላ የሚያነበው ሰው ባዶውን ቦታ ሲያይ ታዛቢው ሰነፈ ብሎ እንዳያስብ።