የጅማ ወንጀል ልብወለድ፦ ካሜራው ያጋልጠዋል ወይስ መብራት ይሄዳል?

የጂሬን ልጅ፦
ሰላም ጅማዎች። የወንጀል ልብወለድ ጀምሬያለሁ። ሟቹ ፈረንጅ አራዳ የሚኖር የቡና ነጋዴ ነው፤ ልጁ ከውጭ አገር በስልክ የሚከፈት የበር ቁልፍና ካሜራ ልካለታለች። ገዳዩ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ፣ በካሜራው እያየ፣ በሩን በኢንተርኔት ይከፍትና ግብረ አበሩን ያስገባል። ሚስቴ ምዕራፍ አንድን አንብባ "መብራት ቢሄድስ?" ብላ ሳቀችብኝ። መልስ አጣሁ። ልቅደደው?

ካሜራ ገጣሚ፦
ኧረ አትቅደድ! ግን ቁልፉን ተወውና ካሜራው ላይ ሥራ። ስንቱን ቤት ገጥሜ "ፓስወርዱን ቀይሩ" ብዬ ሄጄ፣ ስመለስ ያው ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ማይራይ የተባለው ቫይረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራና ራውተሮችን የያዘው እኮ ስልሳ የሚሆኑ የታወቁ ስምና ፓስወርዶችን እየሞከረ ነው፣ አድሚን አድሚን ዓይነቱን። የተያዙት ዕቃዎች በአንድ ላይ ጥያቄ እያጎረፉ ኢንተርኔቱን ሲያጨናንቁት፣ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ሳይቀሩ ለሰዓታት ተቋረጡ። የሠሩት ልጆች መጀመሪያ ያነጣጠሩት ደግሞ ማይንክራፍት ጌም ላይ ነበር፣ አስበው።

አዌቱ ዳር፦
የሚስትህ ጥያቄ ወርቅ ነው፣ ተጠቀምበት። ግብረ አበሩ የሟቹን ቤት ብሬከር ያወርዳል። ሰፈሩ "መብራት ሄደ" ብሎ ዝም ይላል፣ ጅማ ነና። ግን የጎረቤት ካሜራ ያን ማታ አንዴም አልተቋረጠም። ስለዚህ የጨለመው ያ ቤት ብቻ ነው።
ደግሞ አሜሪካ አርካንሳስ ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ሰው ሞቶ፣ ፖሊስ የቤቱን ዘመናዊ የውሃ ቆጣሪ ሲያይ ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት ከ500 ሊትር በላይ ፈስሷል። ደም አጥበውበት ነው ተባለ። ክሱ ግን በ2017 እ.ኤ.አ. ተሰረዘ፤ መርማሪህ በአንድ ቆጣሪ ሰው እንዳያስር።

ካሜራ ገጣሚ፦
አንድ ልጨምር። ብዙ ርካሽ ካሜራ ሰዓቱ ካልተስተካከለ በቻይና አቆጣጠር ይሄዳል፣ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። ግድያው ማታ 2 ሰዓት ከሆነ ቪዲዮው ላይ 01:00 ይላል፣ ቀኑም የነገ ነው። ገዳዩ "ሌሊት 7 ሰዓት ሥራ ላይ ነበርኩ" ብሎ ምስክር ያቆማል፤ እውነቱን ነው። መርማሪው ቪዲዮውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲሰማው ግን ከጀርባ የኢሻ አዛን፣ የማታው ሶላት ጥሪ፣ አለ። በሌሊት 7 ሰዓት የምን ኢሻ?

የጂሬን ልጅ፦
አዛኑ ገደለኝ! ምዕራፍ አንድን እንደገና ልጽፍ ነው። ሚስቴም "ግማሹ መጽሐፍ የኔ ነው" እያለች ነው። ካሜራ ገጣሚ፣ አንድ ነገር ግን። ፓስወርዱንም ሰዓቱንም ከሟቹ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ገዳዩን የካሜራ ባለሙያ ባደርገው ቅር ይልሃል?

ካሜራ ገጣሚ፦
አድርገው። ሰፈሬን ብቻ እንዳትጽፍ፣ ደንበኛ አለኝ።