ተሳፋሪ ሳወርድ የሹፌሩ በር አብሮ ይከፈትብኛል

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ማታ ማታ ተሳፋሪ አመላልሳለሁ። መኪናዬ የ2015 ቶዮታ ካምሪ ናት፤ የምትነሳው በአዝራር ሳይሆን በቁልፍ ነው። በዚህች ከተማ በ2023 ብቻ ከ900 በላይ መኪኖች ከሹፌሮቻቸው ላይ ተቀምተዋል፤ አብዛኛውም በጦር መሣሪያ የተፈጸመ ነው። ባለቤቴ እኔ ቤት እስክገባ እንቅልፍ አይወስዳትም።

መብራት ላይ ስቆም መሪውን ጠምዝዤ ለመውጣት እንዲመቸኝ የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማዎች እስኪታዩኝ ርቀት እተዋለሁ። መሣሪያ ከተደገነብኝ ቁልፉን ሰጥቼ ለመሄድ ወስኛለሁ፤ መኪና ይተካል፣ ልጆቼ ግን ሌላ አባት የላቸውም።

የቸገረኝ ተሳፋሪ የማወርድበት ሰዓት ነው። ማርሹን ፒ (ማቆሚያው) ላይ እንዳደረግሁ የአራቱም በሮች መቆለፊያ ቀጭ ብሎ ይከፈታል፣ የእኔም ጭምር። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሻንጣቸውን ይዘው ሲወርዱ፣ ፊቱን የሸፈነ ወጣት ከጨለማው ብቅ ብሎ የእኔን በር ሳበው። በሩ ገርበብ ሲል በሁለት እጄ መልሼ ጎተትኩት፤ እናትየዋ ሲጮኹ ሸሸ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዳሳየኝ በሮቹን ዘግቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን አዙሬ፣ በሹፌሩ በር ላይ ያለውን የመቆለፊያ ማብሪያ ለረጅም ጊዜ ተጭኜ ያዝኩት። ምንም አልተለወጠም። መካኒኬ ፊውዙን እንንቀለው ይላል፤ ያ ግን የበሮቹን የኤሌክትሪክ መቆለፊያ በሙሉ ያጠፋብኛል፣ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ማርሹን ዲ (መንጃው) ላይ ትቼ ፍሬን ረግጬ ማውረድም ሰው እየወረደ ስለሆነ ያስፈራኛል።

የዚህ ሞዴል ካምሪ ያላችሁ፣ ፒ ላይ ሲገባ በሮቹ በራሳቸው እንዳይከፈቱ ያደረጋችሁት እንዴት ነው?