መንግሥት ሲበደር «ቆይ እስኪ» የሚለው ማነው?

ታዛቢ_ከመርካቶ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ። እኔ በትንሽ ንግድ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከባንክ ልበደር ብል ካርታ አምጣ፣ ንግድ ፈቃድህን አድስ፣ ክሊራንስ አቅርብ፣ የሚስትህንም ፊርማ ጨምር እባላለሁ። ደግ ነው፣ ገንዘቡ የሰው ነው። መንግሥት ሲበደር ግን «ቆይ እስኪ፣ በምን ልትከፍለው ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ማነው?

ይሄን ያነሳሁት በተጨማሪ በጀቱ ምክንያት ነው። ፓርላማው ለ2017 መጀመሪያ ያጸደቀው 971 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር ላይ፣ 582 ቢሊዮን ተጨመረበት። የዋናው በጀት ከግማሽ በላይ! ለ2018 ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ። ብር ሲወድቅ ቁጥሩ ማበጡ እንደማይቀር ይገባኛል፣ እሱን አታስረዱኝ።

ሕገ መንግሥቱን ገልጬ አየሁ። አንቀጽ 51 የፌዴራል መንግሥት ብሔራዊ ባንክን ያስተዳድራል፣ ገንዘብ ያትማል፣ ይበደራል ይላል። አንቀጽ 55 ግብር መጣልና በጀት ማጽደቅን ለፓርላማው ይሰጣል። ዋና ኦዲተርም አለ። ወረቀቱ ላይ ምንም አልጎደለም። ታዲያ «ይሄን ብድር አንፈቅድም» ተብሎ የቀረ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በፓርቲ ተከፋፍላችሁ እንዳትሰዳደቡብኝ ብቻ፣ አሠራሩን ነው የጠየቅኩት።

ሒሳብ_ይናገር

ወንድሜ፣ እኔ እስከማየው መንግሥትን ያስቆመው ፓርላማ ሳይሆን የዶላር እጥረት ነው።

የዩሮ ቦንዱን ብቻ ልንገርህ፣ መንግሥት ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሸጠውን የብድር ሰነድ ማለቴ ነው። ታኅሣሥ 2007 ላይ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደርን። የ10 ዓመት ብድር፣ ወለዱ 6.625 በመቶ። ያኔ የነበረውን ጭብጨባ የምታስታውሱ አላችሁ፣ ገበያው አመነን ተባለ። ገንዘቡ ለስኳር፣ ለኢንዱስትሪ ፓርክና ለኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር ነው የተባለው። እሺ። ወለዱ በዓመት 66 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፣ በሁለት ጊዜ የሚከፈል። ዋናው ደግሞ አሥረኛው ዓመት ላይ ባንዴ ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ ገንዘብ የሚሠራው ነገር በአሥር ዓመት ውስጥ ዶላር ማምጣት አለበት፣ ብር ሳይሆን ዶላር። ስኳሩ ወደ ውጭ ሊላክ ቀርቶ ለአገር ውስጥም አልበቃ ብሎ እኛው በዶላር እየገዛን ስናስገባ ከረምን። ሸማቾች በር ላይ ለሁለት ኪሎ ስኳር የተሰለፈ ሰው ይሄን ለመረዳት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ብር ቀይረው። ስንበደር አንድ ዶላር 20 ብር ገደማ ነበር፣ ዕዳው 20 ቢሊዮን ብር ማለት ነው። ዛሬ ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ነው። አንድ ሳንቲም ሳንበደር ያው ዕዳ ከ130 ቢሊዮን ብር አለፈ።

ታኅሣሥ 2016 ላይ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት «ሁሉንም አበዳሪ እኩል ለማስተናገድ ብዬ ነው» አለ። ውሸት ነው አልልም፣ ምክንያቱም ከወር በፊት አበዳሪ አገሮች የክፍያ እፎይታ ሰጥተውት ነበር፣ ለቦንድ ገዢዎቹ ብቻ ከፍሎ ቢገኝ እነቻይና ደስ አይላቸውም። ግን ካዝናው ሙሉ የሆነ አገር እዚያ ክርክር ውስጥ አይገባም።

የድሮ_ብድር_ክፍል

ስለ ውጭ ዕዳ ሁሉም ያወራል። የአገር ውስጡስ?

በአንድ የግል ባንክ ብድር ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከ2003 ሚያዝያ እስከ 2012 ኅዳር ድረስ የግል ባንክ ሁሉ ከሚሰጠው አዲስ ብድር 27 በመቶውን የሚያህል ገንዘብ የብሔራዊ ባንክ ቢል (የብድር ሰነድ) እንዲገዛበት ይገደድ ነበር። ላልገባው፦ ለአንድ ነጋዴ 1 ሚሊዮን ብር ካበደርን፣ ሌላ 270 ሺህ ብር አውጥተን ለአምስት ዓመት እናስቆልፋለን። የሚከፈለን ወለድ ለብዙ ጊዜ 3 በመቶ ነበር። እኛ ለቆጣቢው የምንከፍለው ግን ቢያንስ 5 በመቶ። በ5 ገዝተህ በ3 ስትሸጥ ልዩነቱን ከየት ታመጣለህ? ከተበዳሪው ነዋ። ሰውዬው ፋይሉን ታቅፎ ጠረጴዛዬ ፊት ቁጭ ብሎ «ኧረ ይሄ ወለድ በዛ» ሲለኝ፣ ከፊሉ የቢሉን ገንዘብ ወስዶ ልማት ባንክ ለሚያበድራቸው ሰዎች ማካካሻ ነው ብዬ አልነግረውም። «የባንኩ አሠራር ነው» ብዬ አስፈርመዋለሁ።

በኔ አስተያየት ይሄ ግብር ነው። ስሙን ስለቀየሩት ግብርነቱ አይቀርም። ልዩነቱ ግብር በፓርላማ ይጸድቃል፣ ይሄ ግን በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የመጣ ነው። ማንም አልተከራከረበት፣ ማንም ድምፅ አልሰጠበት። ታዛቢ፣ የጠየቅከው ገደብ የሚታለፈው እንዲህ ነው። በሩ ላይ ዘበኛ ካለ በጓሮ ይገባል። በ2012 ተነሳ ብለን ሳንጨርስ በ2015 ደግሞ በግምጃ ቤት ቦንድ (መንግሥት ራሱ በሚበደርበት ሰነድ) መልክ፣ በ20 በመቶ ተመልሶ ነበር።

ንግድ ባንክ ከ27ቱ ነፃ ነበር፣ እሱ መንግሥት ልማት ድርጅቶችን በቀጥታ ስለሚያበድር። ያ ሁሉ ብድር የት ደረሰ? በ2017 ፓርላማው ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ለባንኩ እንዲሰጥ አጸደቀ። የድርጅቶቹ ዕዳ የኔና የአንተ ዕዳ ሆነ ማለት ነው። ያጸደቁት ካለቀ በኋላ ነው፣ ሲበደሩ የጠየቃቸው የለም።

ሠርቶ_አደር

እንዲህ እንደ ሐጢአት አታውሩት እንጂ። ያልተበደረ አገር የት አለ? መብራት የሌለው ሰፈር ተወልዳችሁ ቢሆን እንዲህ አትሉም ነበር።

የአዲስ አበባ ጅቡቲን ባቡር ውሰዱ። ብድሩ ከቻይና ኤግዚም ባንክ ነው፣ አዎ ከባድ ነው። ግን ጥፋቱ መበደሩ አይደለም። ለ50 ዓመት የሚያገለግል ሐዲድ በ10 ዓመት ብድር ሠርተህ ገና ባቡሩ በቅጡ ሳይሄድ ክፍያ ሲጀመር ነው ችግሩ። ኋላ ላይ፣ በ2010 መጨረሻ፣ ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። መጀመሪያውኑ እንዲህ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ክርክሩ በስንት ዓመት፣ በየትኛው ገንዘብና ለምን ሥራ የሚለው ላይ ቢሆን ይሻላል።

ደግሞ ሕዳሴን አትርሱ። 5,150 ሜጋ ዋት! የውጭ አበዳሪ ግብፅን ፈርቶ ሲሸሽ በራሳችን ገንዘብ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። መንግሥት እጁ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ግድቡ የለም።

የመምህር_ልጅ

@ሠርቶ_አደር በግድቡ እኔም እኮራለሁ፣ እሱን ተወው። ግን አባቴ የአንድ ወር ደሞዙን ሲያዋጣ ቅጹ ላይ «በፈቃደኝነት» ይላል፣ ስብሰባው ላይ ደግሞ «የማይስማማ እጁን ያውጣ» ነበር የተባለው። በርእሰ መምህሩ ፊት እጁን የሚያወጣ መምህር አሳየኝ። ገንዘቡ የት እንደዋለ በግድቡ ላይ በዓይን ይታያል፣ ስኳር ፋብሪካዎቹ ላይ የዋለውስ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከዚህ ከአሜሪካ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የዕዳ ጣሪያ የሚባል ሕግ አለ፣ ኮንግረስ ካልፈቀደ ግምጃ ቤቱ አይበደርም። ስትሰማው ደስ ይላል። ግን ከ1960 (እ.ኤ.አ) ወዲህ ከ70 ጊዜ በላይ ጣሪያውን ከፍ አድርገውታል ወይ አስተካክለውታል፣ ዕዳው ከ38 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል። በጀት ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ መሥሪያ ቤት ይዘጋል። በ2025ቱ መዘጋት ለ43 ቀን ስንቱ ሐበሻ ደሞዝ ሳያገኝ ሠርቷል። ጣሪያው ብድሩን አላስቆመም፣ ግን ቢያንስ በአደባባይ ይጨቃጨቁበታል፣ ማን ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ ይታወቃል። እኛ ያጣነው ይሄን ይመስለኛል።

ናይሮቢ_ያለሁ

ጎረቤት ኬንያም የዕዳ ጣሪያ በሕግ ነበራት፣ 10 ትሪሊዮን ሺሊንግ። ሲደርሱበት ሕጉን አሻሽለው ከጥቅል ምርት 55 በመቶ አሉት። መንግሥትን ያስደነገጠው ጣሪያው ሳይሆን በሰኔ 2016 መንገድ የወጡት ልጆች ናቸው። ዕዳ ለመክፈል ተብሎ ግብር ሊጨመር ሲል ፓርላማ ድረስ ገቡ፣ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን መለሰው። ሰውም ሞተበት። እንዲህ ያለ ገደብ ለማንም አልመኝም።

ታዛቢ_ከመርካቶ

አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። የብድር ክፍሉን ወንድሜን ካነበብኩ በኋላማ ወለዴን ሳየው ያናድደኛል። እስካሁን የገባኝ፣ ውስጣችን ያሉት ተቋማት አላስቆሙም፣ ያስቆመው ዶላር ማለቁ ነው። ታዲያ አሁን አይኤምኤፍ (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) መጣ፣ ብሔራዊ ባንክም አዲስ አዋጅ ወጣለት። ይሄ ይለውጣል?

ሒሳብ_ይናገር

በከፊል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አይኤምኤፍ የ4 ዓመት፣ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። አንዱ ቅድመ ሁኔታ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደሩን እንዲያቆም ነው፣ ማለትም በእኛ አነጋገር ብር ማተሙን። አዲሱ አዋጅም ለዚህ ብድር ጣሪያ አበጅቶለታል። ጥሩ ነው፣ እደግፈዋለሁ። አበዳሪ አገሮችም በቻይናና በፈረንሳይ መሪነት ተሰብስበው ከ8.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ለማሸጋሸግ ተስማምተዋል።

የማልወደው አንድ ነገር አለ። መንግሥትን «አትበደር» ያለው ዋሽንግተን ያለ ቢሮ ነው። ቢሮው የሚጨነቀው ዕዳው መመለሱን ነው፣ አንተ ዘይት በስንት እንደምትገዛ አይደለም። ተ.እ.ታ. ሲሰፋ፣ የንብረት ግብር ሲመጣ፣ ነዳጅ ሲጨምር የምንከፍለው እኛ ነን። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ደግሞ ገደቡን የሚጠብቀው ማነው? ያው ፓርላማችን። አዋጅ ያወጣ ፓርላማ አዋጅ ያሻሽላል፣ ከኬንያ አይተናል። ዋና ኦዲተሩም በየዓመቱ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ደንብ ያልተከተለ ግዢ እያለ ያቀርባል፣ መቅጣት ግን ሥልጣኑ አይደለም።

የድሮ_ብድር_ክፍል

እኔ ከአንድ ነገር ብጀምር ደስ ይለኛል፦ ድርጅት ሲበደር መንግሥት ዋስ የሚሆንበት ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ይፋ ይሁን። ስንት፣ ከማን፣ በስንት ወለድ፣ ገቢው በብር ነው በዶላር። አራት መስመር ነው። ለአንድ ሱቅ ከፋች የምንጠይቀው እኮ ከዚህ በላይ ነው።

ሠርቶ_አደር

በዚህ እስማማለሁ። በሌላው ግን አላበቃንም 😄

ታዛቢ_ከመርካቶ

ገንዘብ ሚኒስቴር የዕዳ ስታቲስቲክስ ቡለቲን ያወጣል አሉኝ። ዋስትና የተገባላቸው ድርጅቶች ለየብቻ ተዘርዝረው አሉበት? ያነበበ ካለ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ይንገረኝ፣ ፋይሉ ስልኬ ላይ ለመክፈት ይከብዳል።