የገጠር እሳት አደጋ ጣቢያችን፦ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ የበጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ ማኅበራችን ጣቢያ ሁለተኛው የዕቅድ ረቂቅ ለሁላችሁም ደርሷል። ሦስት ተሽከርካሪ የሚያስገባ ጣቢያ፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽ፣ የቱቦ ማድረቂያ ማማና አንድ የውኃ ቦቴ ይጠይቃል። ለለጋሾች ከመላኩ በፊት የሚቀነሰውን እንቀንስ፣ የተረሳውን እንጨምር።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግንባታው አይደለም። ለሕንፃ የሚሰጥ አይጠፋም፤ ስሙ በግድግዳው ላይ ይጻፍለታል። ለነዳጅ፣ ለባትሪ፣ ለኢንሹራንስ የሚሰጥ ግን ማን ነው? ጎማ ቆሞም ያረጃል። የእሳት መከላከያ ልብስ ደግሞ ቀዳዳ ባይኖረውም ከተሠራ 10 ዓመት ሲሞላው ከሥራ እንዲወጣ የሚያዝዙ ደንቦች አሉ። ረቂቁ ስለ ሁለተኛው ዓመት አንድ መስመር እንኳን አልጻፈም። የአምስት ዓመት የሥራ ማስኬጃ ካልገባበት አልፈርምበትም።

ግንበኛ፦ እንግዲያውስ ማማውን ውሰዱና ለነዳጅ አድርጉት። በድሮ ጊዜ ማማ ያስፈለገው የሸራ ቱቦ እርጥበቱን እንደያዘ ከተጠቀለለ ስለሚበሰብስ ነው። 20 ሜትር ቱቦ ከመሐሉ ታጥፎ ቢሰቀል እንኳ 10 ሜትር ከፍታ ይፈልጋል። ሰው ሠራሽ ቱቦ ግን ዘንበል ባለ መደርደሪያ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ማማ ለዓይን ያምራል፤ እሱን አልክድም።

በወለሉ ላይ ግን አትቆጥቡብኝ። 4,000 ሊትር ውኃ ብቻውን 4 ቶን ነው፤ የመኪናው ክብደት ሲጨመርበት ለመኖሪያ ቤት ተብሎ የሚፈሰስ ስስ ኮንክሪት አይችለውም። ወለሉ ወደ በሩ ዘቅዘቅ ብሎ ውኃ የሚያወጣ ይሁን። በሩም 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ በእጅ የሚከፈት ይሁን፤ እሳት በተነሣ ቀን መብራት መጥፋቱ የተለመደ ነውና።

ነርስ፦ አዳራሹን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በሥዕሉ ላይ ልብስ መስቀያውና የስብሰባ ወንበሮቹ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ሞተር ጭስን፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእሳት አጥፊነትን ሥራ ራሱን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። ጥላሸት የጠጣ ልብስ ከውጭ በኩል በር ባለው ክፍል ይታጠብ፣ እዚያው ይሰቀል። በመኪናው ማቆሚያና በአዳራሹ መካከልም ጭስ የማያሳልፍ ግድግዳ ይኑር።

ሾፌር፦ ከዚህ በፊት ባገለገልሁበት ቦታ በስጦታ የመጣ አሮጌ ቦቴ ነበር። ሥራው ጥሩ ነበር፣ ግን የፓምፑ መለዋወጫ መሠራት ካቆመ ቆይቶ ነበርና ውኃ እንዳያፈስ የምታግድ አንዲት ጎማ ስትበላ ለወራት ቆመ። ስጦታ ከመቀበላችን በፊት መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ይጠየቅ። በየሳምንቱ ሞተር የሚያስነሣና ፓምፑን የሚሞክር ተረኛም በስም ይመደብ።

የውኃ ኮሚቴ አባል፦ ስለ ቦቴው ይህን ያህል ስናወራ ስለ ውኃው ዝም አልን። በደቂቃ 400 ሊትር የሚረጭ አንድ ቱቦ 4,000 ሊትሩን በ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላስ? ረቂቁ «ከወንዙ ይሳባል» ይላል። ፓምፕ ውኃ ሲስብ የሚረዳው የአየር ግፊት ነው፤ በባሕር ወለል አካባቢ እንኳን የሚስብበት ከፍታ በተግባር ከ7 ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ገደሉ ጥልቅ ከሆነ ወንዙን እያየን እንቃጠላለን።

የእኔ ሐሳብ፦ ከሦስቱ ማቆሚያዎች አንዱን ትተን በየመንደሩ የውኃ ማጠራቀሚያ እንሥራ። በ200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚዘንብ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 200 ሊትር ነው፤ የጣቢያው ጣሪያ ራሱ ይሠራልናል። የቱቦ መግጠሚያዎቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ በማይገጥም መግጠሚያ የተነሣ የሚባክነው ደቂቃ ያናድዳል።

አባል፦ እስማማለሁ። ተንቀሳቃሽ ፓምፕና ሥልጠና ከተገኘ ሕንፃው እስኪያልቅ መጠበቅም የለብንም።

ሰብሳቢ፦ ለአባላቱ አበል ይከፈል የሚል ጥያቄ በስልክ ደርሶኛል። በቺሊ ከቫልፓራይሶ ማኅበር ጀምሮ፣ ማለትም ከ1851 እ.ኤ.አ. አንሥቶ፣ እሳት የሚያጠፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጭራሽ መዋጮ ይከፍላሉ። እኛን መዋጮ ክፈሉ አልልም፤ ነገር ግን በአበል ፈንታ የጉዳት ኢንሹራንስ ይግባ። ቤቱን ትቶ የሚሮጥ ሰው ቢሰበር ቤተሰቡ ሜዳ ላይ መውደቅ የለበትም።

ጸሐፊ፦ ሦስተኛው ረቂቅ እንዲህ ተስተካክሏል፦ ሁለት ማቆሚያ፣ ያለ ማማ፤ የተለየ የልብስ ማጠቢያ፤ የመንደር ማጠራቀሚያዎች፤ የአምስት ዓመት ማስኬጃና ኢንሹራንስ በተለየ የባንክ ሒሳብ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ፓምፕና ሥልጠና፣ በሁለተኛው ግንባታ። የመሬቱ ይዞታ በማኅበሩ ስም ሳይረጋገጥ አንድ ድንጋይ አይወርድም። የቀረው የቦታው ጉዳይ ነው፤ ረቂቁ በወረዳው መሐል ብሏል።

ሾፌር፦ መሐሉ ላይ ማን ይኖራል? በጎ ፈቃደኛ ጣቢያ አያድርም፤ መጀመሪያ ከቤቱ ወደ ጣቢያው ይሮጣል፣ ከዚያ ነው ወደ እሳቱ የሚሄደው። አባላቱ በብዛት ያሉት ከድልድዩ ወዲህ ነው።

ግንበኛ፦ ከድልድዩ ወዲያ ያሉትስ ጎርፍ ሲመጣ?

ጸሐፊ፦ በክርክር አያልቅም። ቅዳሜ ሌሊት ሳይነገራችሁ እንጠራችኋለን፤ በሁለቱም ቦታዎች፣ በወረዳው መሐልና ከድልድዩ ወዲህ፣ አራት ሰው እስኪሞላ የፈጀውን ደቂቃ በረቂቁ ላይ እናሰፍራለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ቅዳሜ መሆኑን ከነገሩን በኋላ «ሳይነገራችሁ» ምን ማለት ነው? ቀኑን ይለውጡት፣ ለእኔም አይንገሩኝ።