ሻፍቱ የቆመ የነፋስ ተርባይኔ 8 ዋት ላይ ቀረ፣ ክንፍ ልጨምርበት?

ጀማሪው
ሰላም ቤተሰብ። ሻፍቱ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ክንፎቹም ቀጥ ያሉ የነፋስ ተርባይን ሰራሁ። ዲያሜትሩ 1 ሜትር ቁመቱ 1.5 ሜትር፣ ክንፎቹ 3 ናቸው፣ 20 ሳንቲ ስፋት አላቸው፣ ከፒቪሲ ቱቦ ቀድጄ ነው ያወጣኋቸው። ክንፎቹን የያዙት ክንዶች ካሬ ቱቦላሬ ናቸው። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ሲሆን በደቂቃ 115 ዙር ይዞራል፣ ባትሪው ላይ ግን ሚገባው 8 ዋት ብቻ! ኩሽኔታው አዲስ ነው፣ ክንፎቹን ፈትቼ በእጄ ሳሽከረክረው ቶሎ አይቆምም ስለዚ ችግሩ እሱ አይመስለኝም። ክንፎቹን 5 ባረጋቸው ይሻላል ወይስ እነዛን ጠምዘዝ ያሉትን ልሞክር?

ሒሳብ ይቅደም
ኧረ እንዳትጨምር! መጀመሪያ ያለህን እንቁጠር። በ1.5 ካሬ ሜትር ውስጥ በ5 ሜትር በሰከንድ የሚያልፍ ነፋስ 115 ዋት ገደማ ይይዛል። ከዛ ውስጥ ከ59.3 ፐርሰንት በላይ መውሰድ በንድፈ ሐሳብም አይቻልም፣ የቤትዝ ገደብ ሚባለው ነው። በዚ መጠን በቤት ለተሰራ 20 እና 25 ፐርሰንት ማግኘት ጎበዝ ያስብላል። አንተ 7 ላይ ነህ።

አሁን 115 ዙር ማለት ክንፍህ በሰከንድ 6 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው፣ የነፋሱን 1.2 እጥፍ ብቻ። ጉዱ እዚ ጋ ነው። ክንፉ ቀስ ብሎ ሲሄድ ነፋሱ በጎን ይመታዋል፣ በ1.2 እጥፍ ማዕዘኑ እስከ 56 ዲግሪ ይደርሳል፣ 3 እጥፍ ቢሄድ ግን ከ19 ወይም 20 ዲግሪ አያልፍም። እንደዚ አይነት ክንፍ ደግሞ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሲያልፍ ስቶል ያረጋል፣ አየሩ ከጀርባው ይላቀቅና ወደፊት መጎተቱ ቀርቶ ራሱ ፍሬን ይሆናል። ክንፍ በጨመርክ ቁጥር ሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) ይበልጥ በዝግታ መዞርን ይመርጣል፣ እና ወደባሰው ነው ምትሄደው። እንዳውም 3ቱን ጠበብ አርጋቸው፣ 12 ሳንቲ በቂ ነው። በጣም ካጠበብካቸው ደሞ በራሱ አይነሳልህም።

ጠምዛዛው ኃይል አይጨምርም፣ ግፊቱን በዙሩ ላይ ያከፋፍለዋል እንጂ። ንዝረት ካስቸገረህ ጥሩ ነው።

በርሜሉ
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? በርሜል ለሁለት ሰንጥቀህ ሳቮኒየስ ስራ፣ በትንሽ ነፋስ ይነሳል ማንም ሊያበላሸው አይችልም።

ሒሳብ ይቅደም
@በርሜሉ መነሳቱስ ይነሳል። ግን እሱ በመገፋት ነው ሚሰራው፣ ጫፉ ከነፋሱ ብዙም አይቀድምም፣ ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት ላይ ያልቃል። ለውሃ ፓምፕ ቢሆን አልከራከርህም ነበር፣ ለጄነሬተር ዙር ያስፈልጋል።

ትራፓኖ
ሁላችሁም ክንፍ ክንፍ ትላላችሁ ክንዱን ያየው የለም 😅 ቱቦላሬ አየር ሲመታው እንደ ግድግዳ ነው። ክብ ቱቦ እንኳን ተመሳሳይ ውፍረት ካለውና እንደ ዓሣ ከሾለ ቅርጽ ጋር ሲተያይ 10 እጥፍና ከዛ በላይ ይጎትታል፣ ካሬው ከክቡም ይብሳል። የሚበላው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ ነው ሚያድገው፣ ዙር በእጥፍ ሲጨምር ብክነቱ 8 እጥፍ! ስለዚ ከላይ እንደተባለው ፍጠን ብትለውም ክንዶቹ አያስፈጥኑትም። ፈተናው ቀላል ነው፣ የጄነሬተሩን ሽቦ ንቀልና በዛው ነፋስ ስንት ዙር እንደሚሄድ እየው።

ፒቪሲውም ቢቀር ደስ ይለኛል። በዚ ተርባይን አንዱ ክንፍ በግማሹ ዙር ከውጭ በግማሹ ከውስጥ ነው ሚመታው፣ ስለዚ ሁለቱም ፊቱ እኩል የሆነ እንደ ናካ 0018 ያለ ወፈር ያለ ቅርጽ ነው ሚሻለው።

ጀማሪው
ነቅዬ ሞከርኩት፣ 190 ዙር።

ትራፓኖ
በቃ ሁለት በሽታ አለህ። ባዶውን እንኳን የነፋሱ 2 እጥፍ ላይ ከቆመ ክንዱና ክንፉ ይዘውታል፣ ጭነት ሲገባ ወደ 115 ከወረደ ደሞ ጄነሬተሩ ቀድሞ ያንቀዋል። የጄነሬተሩ ጥቅልሎች በስታር ነው የተያያዙት (የሦስቱም አንድ አንድ ጫፍ መሃል ላይ ተገናኝቶ)?

ጀማሪው
አዎ ስታር ነው።

ትራፓኖ
ወደ ዴልታ ቀይረው፣ ሦስቱን ጫፍ ለጫፍ አገናኝተህ እንደ ሦስት ማዕዘን። የባትሪውን ቮልት ለመድረስ 1.73 እጥፍ ዙር ይፈልጋል፣ እስከዛ ሮተሩ ይፈጥንልሃል።

ጀማሪው
ከ9 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ክንዶቹን በቀጭን ላሜራ አለበስኳቸው፣ ፊቱን ክብ አርጌ ኋላውን አሹዬ፣ ብሎኖቹንም ውስጥ ደበቅኳቸው። ባዶውን ከ190 ወደ 232 ዙር ወጣ፣ ክንፉን ገና ሳልነካው! ዴልታ ሳረገው ደሞ በ5 ሜትር 19 ዋት አየሁ። ግን ነፋሱ ወደ 3 ሲወርድ ድሮ ጠብ ጠብ ትል የነበረችው ቻርጅም ጠፋች።

ሒሳብ ይቅደም
ትጠፋለች፣ በ3 ሜትር ያ ሁሉ ነፋስ 25 ዋት አይሞላም፣ ብዙ አላጣህም። እሷንም ከፈለግክ ወደ ስታር መልሰህ በመሃል ጭነቱን እንደ ዙሩ ሚያስተካክል ኮንቨርተር አስገባ፣ ግን የጄነሬተሩ ቮልት ከባትሪው ሲበልጥ ዝቅ ማድረግ ሚችል ይሁን። የ12 ሳንቲዎቹን ክንፎች ስትሰራ 3ቱንም በሚዛን መዝናቸው፣ በ250 ዙር ትንሽ ልዩነት ካለ ምሰሶውን ያወዛውዘዋል።