የእርሳስና የጽንስ መጨንገፍ ጥናት፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ እንነጋገር

አስተባባሪ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን አነበብኩት። እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ የተባሉትን መርዛማ ብረቶች በእርጉዝ ሴቶች ደም ውስጥ እንለካለን ይላል፤ ደሙ መቼ እንደሚቀዳ ግን በደንብ አልተጻፈም። ከዚያ እንጀምር።

አዋላጅ ነርስ (ደብረ ሲና)፦ እኔ እንደገባኝ ሴቲቱ ጽንሱ ጨንግፎባት ስትመጣ ሊቀዳ ነው። በዚህ አልስማማም። ያን ሰዓት ብዙ ደም ፈሷት፣ አንዳንዴም ደም ተሰጥቷት ነው የምናገኛት። የለካነው የራሷን ነው ወይስ የለጋሹን? በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን እንቅዳና እስክትወልድ እንከታተላት።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ልክ ነሽ እህቴ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የወጣው የሜክሲኮ ሲቲ ጥናትም ደሙን አስቀድሞ ነበር የወሰደው። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ እርሳስ በ5 ማይክሮግራም ሲጨምር፣ የመጨንገፍ ዕድል ወደ 1.8 እጥፍ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ከእኔ በኩል አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ደም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ነው። ሴረም፣ ማለትም ሕዋሶቹ የወጡለትን የደም ፈሳሽ፣ ለይተን ከላክን የምንልከው ባዶ ነው። ሙሉ ደም፣ ከብረት ንክኪ ነጻ በሆነ ቱቦ ይሁን። ክንዷም በሳሙና ይታጠብ፤ ቆዳ ላይ ያለ አቧራ ውጤቱን ያበላሻል።

ጤና ኤክስቴንሽን (መንዝ)፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሐኪም ሾተላይ ሲል የእናትና የጽንስ ደም በአር ኤች ዓይነት አለመጣጣሙን ነው። እኛ መንደር ግን ደጋግሞ የጨነገፈባት ሁሉ «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። በዚህ ስም ትዳሯ የፈረሰባት ሴት አውቃለሁ፤ ዛሬም ሳስባት ያመኛል። አሁን ደግሞ ሁሉን በእርሳስ ላይ ጭነን ሌላ ስም እንዳናወጣላቸው። የደም ዓይነት፣ አር ኤችና ቂጥኝ አብረው ይመርመሩ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ወባም ይጨመር።

አስተባባሪ፦ ይግባ። የቤት መጠይቁስ?

ጤና ኤክስቴንሽን፦ ኩል ትኳላለች ወይ? አንዳንዱ ኩል ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራ ነው። ከአሮጌ ብረታ ብረት ቀልጦ በተሠራ ድስት ታበስላለች? የቤቱ ቀለም አርጅቶ ይረግፋል? ባሏ የመኪና ባትሪ ይፈታል? የሥራ ልብሱን የምታጥበው እሷ ናት።

አዋላጅ ነርስ፦ ጾምም ይጠየቅ፣ ግን በአክብሮት። እርሳስ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ፣ በእርግዝና ጊዜ አጥንቱ ካልሲየም ሲለቅ አብሮ ወደ ደም ይወጣል፤ የእንግዴ ልጅንም አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል። ወተት ለወራት ያልቀመሰች እናት ካልሲየሟ ሊያንስ ይችላል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ውጤቱ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ፣ ካልሲየም ለሚያንሳትም እንዲሰጣት ይመክራል። ስለዚህ ካልሲየሙ በጀታችን ውስጥ ይግባ። ቁጥር ነግረን ባዶ እጇን ልንሸኛት አንችልም።

አስተባባሪ፦ ተስማምተናል። የክትትሉን ክፍል አዋላጃችን፣ የናሙናውን ላቦራቶሪ ይጻፍ። መጠይቁ በመንዝ ሰው አነጋገር ተጽፎ እስከ ዓርብ ይድረሰኝ።

ጤና ኤክስቴንሽን፦ ሐሙስ እልካለሁ። «ሾተላይ» የሚለው ቃል ግን መጠይቁ ላይ የትም አይኖርም።