ገፈርሳ ያየሁት ዳክዬ ምን አይነት ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ቅዳሜ ገፈርሳ ግድቡ ጋ ሄደን ብዙ ዳክዬ አየሁ፣ ሰውነታቸው ጠቆር ያለ አፋቸው ግን ደማቅ ቢጫ፣ ፎቶ ላነሳ ጠጋ ስል ብርር። ጓደኛዬ ባለሰማያዊ ክንፉ ዝይ ነው ብሎ ድርቅ አለ፣ እውነቱን ነው? ደሞ ወንድና ሴቱ በምን ይለያል?

መልስ 1፦ ኧረ አይደለም፣ የዛ ዝይ አፉ አጭርና ጥቁር ነው። ያንተ ባለቢጫ አፉ ዳክዬ ነው፣ ደጋ ውሃ ላይ ሞልቷል። አፉን በደንብ ካየኸው ከላይ መሀሉ ጥቁር ነው፣ ላባው ደሞ ጠርዝ ጠርዙ ነጣ ስለሚል የአሳ ቅርፊት ይመስላል። ወንድና ሴቱ በመልክ አንድ ናቸው፣ ዝም ብለህ አትድከም 😀

መልስ 2፦ በድምፅ ይለያሉ እኮ፣ ጮክ ብላ ቋ ቋ የምትለው ሴቷ ናት፣ ወንዱ ዝቅ ያለ ፉጨት ነገር ነው ያለው

መልስ 3፦ እኛ ጋ አሜሪካ ያለው ማላርድ የሚባለው ዳክዬ ለመለየት ይቀላል፣ የወንዱ ጭንቅላት አረንጓዴ ነው። ሰመር ላይ ግን ላባ ሲቀይር ቁርጥ ሴቷን ይሆናል፣ ያኔ አፉን እዩ፣ ጥርት ያለ ቢጫ ከሆነ ወንድ፣ ብርቱካንማ ሆኖ ጥቁር ከነካካው ሴት

ጠያቂ፦ ተባረኩ፣ በቃ ጓደኛዬ ቡና ይከፍላል